ቢጫ ጨርቅ

ትናንት ልጄን ይዤ በኤን ጋኒም ሰፈር ሳልፍ ዛፍ እየቆረጡ ነበር። የእርጥብ ብርቱካን እንጨት ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ገና ከጎንደር ወደ እስራኤል መምጣታችን ነበር። እናቴ ከፎቃችን ሥር ባለው የብርቱካን እርሻ ትሠራለች። ስትወጣ እንዳንጠፋባት እኔንና አያቴን ትቆልፍብናለች፤ ቀኑን ሙሉ የመስኮቱን ብረት ይዘን እንቆማለን። እርሻውን ለሕንፃ መመንጠር ሲጀምሩ፣ አብሯት የሚሠራው የታይላንድ ሰው አንድ ዛፍ ላይ ቢጫ ጨርቅ አስሮ እጅ ነሳ።

«አድባር ያመልካል» ብለው አያቴ ፊታቸውን አዞሩ።

ማታ እናቴ አስረዳቻቸው። «አይደለም፣ አባባ። ቡድሂስት ነው። ባገሩ መነኮሳቱ ዛፍ እንዳይቆረጥ ልብሳቸውን ያለብሱታል። እንደ መነኩሴ ስለሚታይ ማንም አይደፍረውም።»

ጠዋት በሩ እንደተቆለፈ አያቴ ከኩታቸው ጫፍ ቀደው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። «አንቺን እንኳ እንዳይቆርጡብኝ» አሉ። ማን እንደሚቆርጠኝ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ዶዘሩ ጨርቅ የለበሰውን ዛፍ ገፍቶ ጣለው። አያቴ የወገቤን ቋጠሮ አጠበቁት።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት ትናንት ልጄን።

«ያላ፣ ኢማ»፣ እንሂድ እማዬ፣ ብላ በዕብራይስጥ መለሰችልኝ። እጄ ወገቤን ይዳብስ ነበር።