ሰዓዲያና እንቢ ያለው ሣጥን

ሰዓዲያ ኑርሑሴን የሐይቅ ዳር ልጅ ናት። አባቷም አያቷም ጀልባ ሠሪዎች ነበሩ። እሷ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አዲስ አበባ ዘጠኝ ወር ሠልጥና፣ ባሕር ዳር በሚገኘው የሐይቅ ውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጠረች። እኔ እዚያው የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። አሁን የምጽፈውን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን ከዓመታት በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከጀልባ መቆሚያው ላይ አንድ ዘንግ ውሃ ውስጥ ተሰቅሎ የሐይቁን ሙቀትና ኦክስጅን ይለካል። ልኩ በሽቦ ወደ ክፍላችን ይመጣል፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ተቀብሎ በየሩብ ሰዓቱ ወረቀት ላይ ያትመዋል። በነሐሴ 1979 ዓ.ም. አሮጌው መለኪያ ተበላሸና ከውጭ በእርዳታ አዲስ ሣጥን መጣ። ባለሙያ አብሮት አልመጣም። የመጣው አንድ መጽሐፍና አዲሱ ፕሮግራም ያለበት ዲስክ ብቻ ነው።

ሣጥኑን ከመኪና አውርደው፣ ሽቦውን ዘርግተው የገጠሙት የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ሥራው ባለቀ ማግስት ለጳጉሜን ዋንዛዬ ፍል ውሃ ልውረድ ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ኃላፊያችን ጓድ ዳኘው ከለከላቸው። መስከረም አንድ ሪፐብሊኩ ሊመሠረት ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ደግሞ እንግዶች አዲሱን መሣሪያ ሊያዩ ይመጣሉ። ዳኘው መሣሪያው ሥራ ጀምሯል ብሎ አስቀድሞ ሪፖርት ልኳል።

መሣሪያው ግን እንቢ አለ። ሣጥኑ ይለካል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ፕሮግራሙ የመጣለትን ልክ ሁሉ አልቀበልም እያለ ይጥለዋል። ሰዓዲያ ሦስት ቀን ሙሉ መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት አነበበች። ሽቦውን ፈታች፣ ገጠመች። ዘንጉን አወጣች፣ አጠበች፣ መለሰች። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዳኘው ሁላችንንም ሰብስቦ ይህ ብልሽት ነው ወይስ አሻጥር ሲል ጠየቀ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሰውን ከቤቱ የሚያስወስድ ቃል ነው። ዳኘው ራሱ «ፈቃድ ስለተከለከለ ያኮረፈ ሰው አለ» አለና ጋሼ ወልደ ዮሐንስን ከነገ ጀምረው እንዳይገቡ አዘዘ። ሽማግሌው ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወጡ። ስለ እሳቸው ለጸጥታ ክፍል የሚላከው ደብዳቤ ያን ቀን ማታ ሲመታ ከግምጃ ቤቱ ሆኜ የታይፑን ድምፅ ሰማሁ። ከሚቀጥለው ቀን ፖስታ ጋር ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል ተባለ።

ጳጉሜን አራት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰዓዲያ ብቻዋን ገባች። ሣጥኑ ፊት ላይ ትንሽ የቁጥር መስኮት አለ። እስከዚያ ቀን የፋብሪካ ቁጥር መስሏት ልብ አላለችውም። ያን ጠዋት መጨረሻው ዘጠኝ ነበር፤ ትናንት ስምንት እንደነበር ትዝ አላት። በስተቀኙ ደግሞ ስምንት ከሦስት ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ስምንት ከአራት ሆነ። የእጅ ሰዓቷን አየች። ሁለት ከአራት ነው።

ሣጥኑ የራሱ ቀንና ሰዓት አለው፤ እሱም የፈረንጅ ነው።

ኮምፒዩተራችን ጊዜ አይዝም ነበር። ጠዋት ሲነሳ ቀኑንና ሰዓቱን ይጠይቃል፤ ሰዓዲያም ሁለት ዓመት ሙሉ በእኛ አቆጣጠር ስትመልስለት ኖራለች። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነውና፣ እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ቆጥሮ 29ን አልቀበልም ሲላት 28ን ደግማ ትጽፋለች፤ ጳጉሜንን አላውቅም ሲላት ነሐሴ 30 እያለች ታልፈዋለች። አሮጌው መለኪያ ቀን ስለማይልክ ይህ ማንንም አልጎዳም። አሁን ግን ፕሮግራሙ በእሱ ቤት ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ላይ ቆሞ፣ ሣጥኑ የሰማንያ ሰባትን ልክ ይልክለታል። ገና ያልመጣን ቀን ልክ እንዴት ይቀበል?

እጇ ወደ ኮምፒዩተሩ ቁልፎች ሄደና መለሰችው። አሁን ቀኑን ብታስተካክለው ይሠራል። ግን ሽማግሌው በተባረሩ ማግስት ከሠራ፣ ደብዳቤው ምስክር አገኘ ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ካለች ደግሞ አሻጥር የሚለው ቃል ወደ እሷ ይዞራል። ኮምፒዩተሩን አጠፋችውና ተቀመጠች። ምን ሆነሻል ብዬ ብጠይቃት ራሴን አሞኛል አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ የሁለት ዓመቱን የዕለት ወረቀት በሁለት እጇ ታቅፋ ወደ ዳኘው ቢሮ ስትገባ አየኋት። በሩ አልተዘጋም።

«ጓድ ዳኘው፣ ሽቦው ደኅና ነው። ቀኑን ያሳሳትሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ሁሉንም አስረዳችው።

ዳኘው እስክትጨርስ ሰማት። «ታዲያ አስተካክይዋ» አላት።

«ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ሳይመጡ አላስነሳውም።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«እኔ ማንን አስፈራለሁ? እሳቸው በሌሉበት ቢሠራ፣ ስለሄዱ ሠራ ይባላል።»

ዳኘው ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ። ጥቅምት 28 ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል። በእያንዳንዱ ሥር «አይቼዋለሁ» የሚል የራሱ ፊርማ አለ። ብዙ አገላበጠ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ደብዳቤውን አወጣና አጥፎ ኪሱ ከተተው። እኔን ጠርቶ ሽማግሌውን ከቤታቸው እንዳመጣ ላከኝ። እሷ ላይ ግን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ከፋይሏ ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ከኮምፒዩተሩ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰዓዲያ የፈረንጁን ቀንና ሰዓት ጻፈች። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ማተሚያው ጮኸና የመጀመሪያው መስመር ወጣ።

ከኋላችን ቆሞ ያይ የነበረው ዳኘው ወጣ። ሽማግሌው መስመሩን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሏት።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ።»

«እኔ ጠዋት ልብሴን በፌስታል አዘጋጅቼ ሊወስዱኝ ሲመጡ እጠብቅ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ምን ትሠሪ ነበር?»

«ስፈራ ነበር፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ወደ መሬት የተንጠለጠለውን ሽቦ አንሥተው ሰው እንዳይጠልፍ ከግድግዳው ጋር ማሰር ጀመሩ።

«እሱስ ያስፈራል» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። «ያንን ፒንሳ አቀብይኝ።»