የበራሪዋ ግመል አማላጆች

ለልጆች ስለምትበር ግመል ስጽፍ አረጀሁ። ሲደክመኝ ጊዜ በመጨረሻው መጽሐፌ ገደልኳትና ከሚሴ ቤቴ እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለፈው አርብ ከጁምዓ መልስ ሦስት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ከተፍ አሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» ብላቸው፣ «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

እንዲህ የሚቆመው ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ነው። ሴት ልጄም ነገሩ ገብቷት መሰለኝ ከጓዳ ሳል አበዛች። እኔ የሚያገባት ልጅ የማን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ፣ ትልልቅ ሰዎች ደጃፌ ላይ ቆመው ቢያስጨንቁኝ፣ «ወላሂ እሺ ብያለሁ!» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ተቀመጡ። ትልቁ ሼህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «በል እንግዲህ፣ ግመሏን አስነሳልን» አሉኝ።

«ልጆቹ እኮ ትንሽ ቆይተው ይረሷታል» አልኩ ደንግጬ።

«የምን ልጆች? ለልጅ ልጆቻችን ስናነብ የለመድናት እኛ ነን እንጂ እንቅልፍ ያጣነው!»