ጥቁሩ ባና የማን ነው?

ባናዬን ሰው ደርቦት ያየሁት መሐል ሜዳ ገበያ መሀል ነው። የደረበችው ሞክሼዬ ናት፤ የእኔን ስም ከነአባቴ ስም ይዛ የተወለደች የመንደሬ ሴት። ባናው ከራሴ ጥቁር በጎች ጠጉር የተሠራ የብርድ ልብስ ነው። ነድፌና ፈትዬ ለማኅበራችን ያስረከብኩት እኔ፣ የሸመነው የማኅበሩ ሸማኔ።

«አውልቂ!» አልኳት።

«ኮምፒውተሩ ነው የሰጠኝ» አለች፣ ጭራሽ እየተጀነነች። «ማኅበሩ ቢሮ ስሜን ነገርኳቸው፣ ‹ደርሷል› አለ፣ ወሰድኩ። የእኔንም እኮ ፈትዬ ነው የሰጠሁት።»

«ያንቺ በግ ነጭ ነው! አገር ያውቀዋል!»

የማኅበሩን ኮምፒውተር የምታሠራው የልጄ ልጅ ናት። የባናውን ጫፍ ሳልለቅ ሞክሼዬን እየጎተትኩ ቢሮዋ ገባሁ።

«ይሄ ሣጥንሽ ‹ደርሷል› ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው? የማን? ምን ቀለም?»

«እማማ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ፈንክሽን የሚባል አለ፤ እንደ ተላላኪ ያስቡት። ስም ይዞ ይገባል፣ አንድ መልስ ይዞ ይወጣል። ሦስት መልስ ባንዴ ይምጣ ካሉኝ አዲስ ዓይነት ልፈጥርለት ነው። ለዚያ ደግሞ ፈቃድ የለኝም፤ ፈቃጁ ደብረ ብርሃን ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«አዲስ ዓይነት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሦስቱንም መልስ ባንድነት የሚይዝ፣ ክፍል ክፍል ያለው ዕቃ ይበሉት።»

«አንቺን ልጅ ሳለሽ ጎረቤት ስልክሽ ክፍል ክፍል ያለው ዕቃ አሠርቼልሽ ነበር? ቅሉን፣ ጣሳውን፣ ጨርቁን ባዶውን አስይዤሽ ትሄጃለሽ፤ እርሾውን፣ ጎመን ዘሩን፣ ጨውን ይዘሽ ትመጫለሽ። ወሬ እንኳ ሳልልክሽ ታመጪ ነበር!»

ሞክሼዬ ከት ብላ ሳቀች። በእኔ ባና ተጠቅልላ ስትስቅ ጫፉን ጨምድጄ ሳብኩት።

የልጅ ልጄ ግንባሯን መታች። «ውይ፣ እሱማ አለ እኮ! ረስቼው ነው። ፈንክሽኑ መግቢያ ላይ የሚመለሱትን ዓምዶች ስም ጽፌ፣ እንደ ቅልዎና እንደ ጣሳዎ ባዶአቸውን እሰጠዋለሁ፤ ሞልቶ ያመጣቸዋል። አዲስ ዓይነት የሚባል ነገር አያስፈልግም።»

ቁልፎቹን እንደ ቆሎ ስታንጣጣቸው ቆየችና ስማችንን አስገባች። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ወጣ፤ በየመስመሩ የአያት ስም፣ የባናው ቀለም፣ የደረሰበት። ከፍ አድርጋ አነበበችው። በእኔ አያት ስም፦ ጥቁር፣ ደርሷል። በእሷ አያት ስም፦ ነጭ፣ ገና ሸማኔው ጋ።

አስወለቅኳት።

ወደ መንደራችን ወደ ዘመሮ የተመለስነው ባንድ ሚኒባስ፣ ባንድ ወንበር ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። መስኮቱ አይዘጋም። ሞክሼዬ በስስ ነጠላ ቀርታለች፣ ነፋሱ በእሷ በኩል ይገባል፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«በጥርስ ይግባኝ የለም» አልኳት።

«ምን አልኩ? ዝም አልኩ እኮ!» አለች እየተንቀጠቀጠች።

ፍርድ ፍርድ ነው፤ ብርድም ብርድ ነው። ባናውን ዘርግቼ መሀሉን በስንዝር ለካሁና ግማሹን ጣል አደረግኩላት።

ጥቂት እንደሄድን አየሁ፤ «አንድ ጣት ወደ አንቺ አልፏል» ብዬ ሳብኩ።

«ኮምፒውተሩን ጠይቂው!» ብላ እሷም ሳበች።

እንዲሁ እየተጓተትን ዘመሮ ገባን።