ጋሽ ከድርን ያስቆጣው ፊልም

በሮቤ ከተማ ለረጅም ዘመን ቪዲዮ ቤት ከፍተው ፊልም ሲያሳዩ የኖሩት ጋሽ ከድር ባለፈው ሐሙስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከዙህር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ከጎባም ከአጋርፋም የመጣው ለቀስተኛ ብዙ ነበር።

እኔ ተማሪያቸው ነኝ፤ ትምህርት ቤቴም ያ ቪዲዮ ቤት ነው። ጋሽ ከድር ማይክ ይዘው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆሙና ፊልሙን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ያስተረጉሙ ነበር። የውጭውን ቋንቋ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ተዋናዩ ዝም ካለ እሳቸው ይናገሩለታል። «አፍ ያለው ሰው ዝም ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ የሚደብቀው አለው» ይሉ ነበር። ድምፃቸው ሲዘጋ ማይኩን እየተቀበልኩ ነው ዛሬ ጎባ ላይ የቋንቋ መምህር ለመሆን የበቃሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎባ በላይ ተራራው መቃጠሉ ተሰማ። ፊልሙ የሞቀበት ሰዓት ነበር፤ ዋናው ሰውዬ ሊበቀል ሽጉጡን አውጥቷል። ጋሽ ከድር ማጥፊያውን ተጫኑት። ተመልካቹ ሲያጉረመርም «እሱ ነገም ይበቀላል፤ ተራራው ግን ነገን አይጠብቅም» ብለው በአንድ አይሱዙ ጭነውን ወጡ። ሦስት ቀን እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘን እሳቱን ስንመታ፣ ቂጣና ውሃ በጀርባቸው ተሸክመው ያመላልሱልን የነበሩት እሳቸው ናቸው።

እንዲህ ያሉትን ሰው ነው እኔ ጎባ ድረስ ጋብዤ ያንን ፊልም ያሳየኋቸው። የፊልሙ አዘጋጆች ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር፤ እዚህ ጎባ ማሳያውን ያስተባበርኩላቸው እኔ ነኝ። ፊልሙ ስለ እሳት ነው ተባለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ እሳቱ ከማዶ ኮረብታ ላይ ይታያል፤ ባልና ሚስት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ያዩታል። ባልየው ብርጭቆ ያነሳል። መልሶ ያስቀምጣል። ጢሱ ትንሽ ጠጋ ይላል። መስታወቱ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ብቻ እስኪያንገሸግሸን ድረስ አየናት። ጎረቤት አይጮህ፣ ባልዲ አይነሳ፣ ከብት አይፈታ! እሳት በሩቁ እንኳ ያላስደነገጣቸው ሰዎች የሠሩት መሆኑ ያስታውቃል።

ጋሽ ከድር አንድ ሰዓት ታገሡ። ከዚያ የቆየ ልማዳቸው አሸነፋቸውና፣ በዚያ ፀጥ ባለ አዳራሽ ተነሥተው ለባልየው ይናገሩለት ጀመር።

«አንቺ፣ ተነሽ እንጂ! ልጆቹን ያዢ! እኔ ከብቱን ልፍታ!» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ነምኒ ሂን ጅሩ? ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር?»

ከኋላ የተቀመጡት በሳቅ ፈነዱ። ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ አንድ ወጣት፣ መብራት አስበርቶ መጣ።

«አባቴ፣ ይሄ እንደዚያ ዓይነት ፊልም አይደለም። መልእክቱ ዝምታው ነው» አላቸው።

«እሳት ዝም ብሎ ሲነድ የት አየህ፣ ልጄ? ይጮሃል እኮ!»

እኔ ምን አደረግኩ? ኮታቸውን ይዤ «ጋሽ ከድር፣ ይቀመጡ፤ ሰው ፊት አያሳፍሩኝ» አልኳቸው። እጄን ቀስ አድርገው ከኮታቸው አነሱና ወጡ። በውይይቱ ሰዓት ደግሞ ተራዬ ሲደርስ «ጥልቅ ሥራ ነው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ከእንቅልፍ ጋር ስታገል ነበር ያሳለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጃለሁ። ሻይ አስቀርበው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሱም። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ጋሽ ከድር፣ ፊልሙ መጥፎ ነበር። አሰልቺ ነበር፤ ከዚያም በላይ የሰውን ጭንቅ መጫወቻ ያደረገ ነበር። እርስዎ ይህን ብለው ብቻዎን ቆመው ሲሳቅብዎ፣ አጠገብዎ መቆም የእኔ ፋንታ ነበር፤ አልቆምኩም። ዛሬ ለሮቤም ለጎባም ሰው ጽፌዋለሁ፤ ይቅርታው የሚገባው ሰው ግን አያነበውም። አላህ በጀነቱ ያኑርዎ። እኔ አፍሬብዎ ነበር፤ አሁን የማፍረው በራሴ ነው። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ።