ከወንድሜ ማሳ የተሻገረው ዲከረንስ

ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እጠላዋለሁ። ይህን ስል እንጅባራ ገበያ ላይ ሴቶቹ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግማሹ አገር በእሱ ከሰል ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። ታናሽ ወንድሜም የአባታችንን የገብስ ማሳ ዲከረንስ ተክሎበት ባጃጅ ገዝቷል። ይግዛ። እኔ የምጣላው ዛፉ ማሳውን ተሻግሮ ከሥር ያለው የቀበሌው ጥብቅ ደን ውስጥ ስለገባ ነው። ዘሩ በጎርፍ እየወረደ ኮሶውና ብሳናው ሥር በቀለ። ልብ ስንለው ከሥሩ ሌላ ቡቃያ አልነበረም።

የደኑ ጥበቃ ኮሚቴ አባል ነኝ። ይህንን ወንድሜንም እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ደኑንም ማዳን፣ ወንድሜንም አለማጣት ፈለግሁ።

በበጋ ደቦ ጠርተን ደኑ ገባን። ወንዶቹ ትልልቁን በመጥረቢያ ይጥላሉ፣ ሴቶቹ ችግኙን እንነቅላለን። ወንድሜ መጥረቢያውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

«እታለም፣ የእኔን ዛፍ ታስቆርጫለሽ?»

«የአንተ ከአጥርህ ወዲያ ነው። ይሄ የደኑ ነው።»

«ዘሩ ከማን ማሳ መጣ?»

«ከብትህ የሰው ማሳ ገብቶ ቢበላ፣ ማሳው የአንተ ይሆናል?»

ሰዎቹ ሳቁ። ሳቁ ነው መሰለኝ ያሳበደው፤ መጥረቢያውን አዙሮ በዛቢያው ቀኝ ክንዴን መታኝ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ደቦው ደቦ መሆኑ ቀረ። በዱላም በመጥረቢያ ጀርባም ተረባረቡበት። «አትግደሉት! ወንድሜ ነው!» እያልሁ ከላዩ ልወድቅበት ስል በቀሚሴ ጎትተው ጣሉኝ። ጉልበቱን ሰባበሩት፤ ፊቱ በደም ተሸፈነ። ሁለታችንንም በአንድ ባጃጅ ጭነው ወደ ሆስፒታል ላኩን። ጭንቅላቱን በግራ እጄ ደግፌ መንገዱን ሙሉ ረገምሁት። እንዳይሞትብኝም እለምን ነበር፤ ሁለቱን በአንድ አፍ።

የደቦው ሰዎች ግን ንዴታቸው አልበረደም። የቆረጡትን ዲከረንስ እዚያው ደኑ ውስጥ ከምረው ለኮሱት። እሳቱ ብሳናውንም ኮሶውንም ይዞ ሄደ። እኛ አገር ከሰል ያላከሰለ ሰው የለም። እሳት ያለፈበት መሬት ላይ ዲከረንስ ሳይዘራ እንደሚወጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ከሰሉን ማሳችን ላይ የምናከስለውም ለዚሁ ነው። የዚያን ቀን ግን አንድም አስታዋሽ አልተገኘም። ሆስፒታል ድረስ መጥተው «ጨረስንልሽ» ሲሉኝ፣ በደህናው ክንዴ አንዱን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ ነበር።

ሽማግሌዎች አስታርቀውናል። ጉልበት ስመናል፣ አብረን በልተናል። ዕርቁ ግን ከአፋችን አላለፈም።

ክረምት ሲገባ ወደ ደኑ ወጣሁ። የተቃጠለው መሬት እንደ ጤፍ ቡቃያ ጥቅጥቅ ባለ ዲከረንስ ተሸፍኗል። ኮሶ የለ፣ ብሳና የለ። እያለቀስሁ ተንበርክኬ በግራ እጄ እነጭ ጀመር። ወንድሜ በከዘራ ተደግፎ በማሳው በኩል መጣና በላዬ ቆመ።

«አንቺ ስትነቅይብኝ ጓደኞችሽ ዘሩልኝ» አለና ሳቀ።

በእጄ የነበረውን ችግኝ ከነጭቃው ፊቱ ላይ ወረወርሁበት። ሊሸሽ ሲል የተሰበረው ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ደንግጬ ላነሳው ቀኝ እጄን ብዘረጋ፣ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ግራዬን ሰጠሁት። አየት አደረጋትና ገፋት። ከአጠገቡ የዲከረንስ ቡቃያ ጨብጦ ሊነሳ ሞከረ፤ ከነሥሩ ተነቀለበት። ሌላ ጨበጠ። ያም ተነቀለ።