የእንዝርት ኮርቻ

ሰፈሩ ሁሉ «እንዝርት» ይለዋል። ይህ ስም የወጣለት የውኃ ቆጣሪ እያነበበ ከቤት ቤት በብስክሌት ይሾር በነበረበት ዘመን ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም አልለቀቀውም። አንድ ጊዜ በሥራ ላይ ሳለ ከምድር ቤት ደረጃ ወድቆ የጭራ አጥንቱ ከተሰነጠቀ ወዲህ ወንበር ጠላቱ ሆነ። ምግብ ቆሞ ይበላል፤ ዜና እየተንጎራደደ ይሰማል፤ እንግዳ ሲመጣ የሶፋው ጠርዝ ላይ ለአመል ያህል ቁጢጥ ብሎ ወዲያው ይነሣል። ሳያመው የሚቀመጥበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የብስክሌቱ የቆዳ ኮርቻ ነው። ወፍራሙ ቆዳ ለብዙ ዓመታት ሲጫነው ኖሮ የገላውን ቅርጽ ይዟል። ግራና ቀኝ ጎድጎድ ብሎ ክብደቱን ይቀበላል፤ የታመመውን አጥንት ግን ሳይነካ ያሳልፈዋል።

የአሮጌው ብስክሌት አካል ከመጋጠሚያው ተሰብሮ ብየዳ አልይዝ ባለ ጊዜ ቤቱ ለባልና ለሚስት ጠበበ። እንዝርት ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ሲመላለስ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«ኧረ በፈጠረህ አንድ ቦታ እረፍ! ዓይኔ አንተን ሲከተል መርፌው ጣቴን ሊበሳኝ ነው።»

«ምን ላድርግ? ቆሜ ልሙት?»

«ቆመህማ እየኖርክ ነው። ብትሞት እንኳ መተኛትህን እጠራጠራለሁ።»

ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። የአባቷን መቁነጥነጥ አይታ አንጀቷ አልችል ቢል፣ አዲስ የጎዳና ብስክሌት ገዝታ አመጣችለት፤ እንደ ላባ የቀለለ፣ መሪው ወደ ታች የተቆለመመ። አብሮት የመጣው ጠባብ ኮርቻ ላይ ገና ሲወጣ ግን የእንዝርት ፊት ተጨማደደ። «ይሄማ ቢላዋ ነው» ብሎ ወረደ። ልጅቱ አልተቀየመችም። «በል የራስህን ግጠምበት። እሑድ እረፍት ነኝ፤ የጓደኛዬን ብስክሌት ተውሼ እስከ ግድቡ አብረን እንሄዳለን» ብላው ወደ ሥራዋ ሄደች። እንዝርትም ነገሩ ገብቶታል፤ አሮጌው ኮርቻ ከአዲሱ ብስክሌት ጋር ከተስማማ ይጋልባል፤ ካልተስማማ ቀሪ ዘመኑ በመስኮቱና በበሩ መካከል ሊያልቅ ነው።

መግጠሙ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነበር። ከኮርቻው ሥር ያሉት ሁለት ብረቶች በአዲሱ ብስክሌት የኮርቻ መትከያ ዘንግ ጫፍ ላይ ካለው መያዣ ገቡ። እንዝርት ከዚያ በወጣትነቱ የተማረውን ልኬት አመጣ፤ ክርኑን ከኮርቻው ሹል የፊት ጫፍ፣ ከአፍንጫው፣ አስደግፎ ክንዱን ወደ መሪው ይዘረጋል፤ የጣቱ ጫፍ መሪውን ከነካ ልኩ ደረሰ ማለት ነው። የአዲሱ ብስክሌት መሪ ግን ራቅ ያለ ስለሆነ ጣቱ አልደረሰም። ስለዚህ ኮርቻውን ብረቶቹ እስከፈቀዱለት ድረስ ወደ ፊት ገፋው። ጣቱ መሪውን ነካ። «አለቀ» አለ።

አላለቀም። የመንገዱ ጫፍ ሳይደርስ ጉልበቱ ተንገበገበ። ሰውነቱ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ከለመደው ጎድጓድ ወጣ፤ ክብደቱ ሁሉ በመዳፉና በኮርቻው አፍንጫ ላይ ወደቀ፤ የጥንቱ ሕመም ነቃ።

እንዝርት ጥፋቱን ከልኬቱ አልፈለገም፤ ከቆዳው ፈለገ። «ላልቷል፤ ለዚህ ነው የሚያንሸራትተኝ» ብሎ ከአፍንጫው ሥር ያለውን መወጠሪያ ቡሎን በመፍቻ አጠበቀው። ሞከረ፤ አሁንም ተንሸራተተ። ደግሞ አጠበቀው። ትንሽ ቆም ብሎ ቢያስብ ኖሮ ነገሩ በተገለጠለት ነበር፤ ነገር ግን እንዝርት ቆም ማለትን የት ያውቃል! በየሙከራው መካከል ግቢውን ይዞራል፣ እጁን ይታጠባል፣ እጁ ሳይደርቅ ተመልሶ መፍቻውን ያነሣል። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ «ተው፣ ከተቀደደ የምጥፍልህ እንዳይመስልህ!» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ ከቆዳው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። እጁን ሲያሳልፍበት ያ የኖረ ጎድጓድ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሊጠፋ ደርሷል፤ ቆዳው ከብረቱ በተያያዘበት ምስማር ዙሪያም ቀጭን ስንጥቅ ታየ። ወሽመጡ ተቆረጠ።

እሑድ ጠዋት ልጅቱ ስትመጣ አባቷ ብስክሌቱን ከግድግዳ አስደግፎ ጀርባውን ሰጥቶት ቆሞ ነበር።

«አባዬ፣ ምነው? ተጣላችሁ እንዴ?»

«ገደልኩት።»

ልጅቱ ኮርቻውን ዳሰሰች። «እስቲ ግድግዳውን ይዘህ ውጣበት» አለችው። ሲወጣ ከጎኑ ቁጢጥ ብላ እግሩን ተመለከተች።

«ፔዳሉ እኮ ከኋላህ ነው የቀረው። ማነው እንዲህ ወደ ፊት የገፋው?»

«ልኬቱ ነዋ! በክንዴ ለክቼ ነው።»

«በክንድህ? እኔ ጠዋት ሌላ ሾፌር የነዳውን አውቶቡስ ስረከብ፣ መጀመሪያ ወንበሩን ከእግሬ ጋር ነው የማስማማው። መሪው ከዚያ በኋላ ነው። በእጅህ ነው እንዴ የምትጋልበው?»

ሚስቱ ከውስጥ ሆና «ባይጋልብበትም ያበላሽበታል!» አለች።

እንዝርት ወርዶ የኮርቻውን መያዣ በመፍቻው አላላ።

ኮርቻውን ወደ ኋላ ሳቡት። ነገር ግን የኮርቻው ብረቶች አጭር፣ የአዲሱ ብስክሌት ዘንግም ቀጥ ያለ ስለሆነ ከሚፈለገው ቦታ አልደረሰም። ስለዚህ ብስክሌቱን እየገፉ መንገድ ተሻግረው ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ወሰዱት። ጠጋኙ ጫፉ ወደ ኋላ የተቆለመመ ዘንግ ከሣጥን አውጥቶ ተካ፤ መሪውን የሚይዘውንም ብረት በአጭር ለወጠ። በመጨረሻ የመወጠሪያውን ቡሎን ቀስ እያደረገ አላላና ስንጥቁን በአውራ ጣቱ መረመረ።

«ጋሼ፣ ጎድጓዱ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ቃል አልገባልዎትም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጋልቡበት። ይቺን ቡሎን ግን ካሁን በኋላ እንዳይነኳት።»

«እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?»

«እሱ እስኪፈልግ ነዋ! ቆዳ በትእዛዝ አይሠራም።»

«ዛሬ እስከ ግድቡ ብሄድስ?»

«ዛሬ እስከ ዳቦ ቤቱ ይበቃዎታል።»

ልጅቱ መፍቻውን ከአባቷ ኪስ መዝዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይሄ እኔ ዘንድ ይቆያል።»

«ቢያስፈልገኝስ?»

«ትደውልልኛለህ፤ እኔም እምቢ እልሃለሁ።»

እንዝርት ወጣበት። እግሩ ፔዳሉን ከሚጠብቀው ቦታ አገኘው፤ ጉልበቱ ዝም አለ። ግራ ጎኑ ከጎድጓዱ ተቀመጠለት፤ የቀኙ ግን ገና ደረቅ ነው፤ ይቆረቁራል። ቢሆንም የሚቻል ነበር። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ወደ ግድቡ የሚወስደውን አቀበት አሻቅቦ አየ፤ እግሩን በላው። ልጅቱ በተዋሰችው ብስክሌት ከኋላው ደርሳ ቆመች። እሱም መሪውን አዞረ።

«ነገም እስከዚሁ» አለ፤ በዝግታም ወደ ቤቱ ይጋልብ ጀመር።