«ተይዟል» ያልኩበት የአረካ መንገድ

ሶዶ መናኸሪያ፣ ማለዳ

ገና በደንብ ሳይነጋ የመናኸሪያው ጭቃ ጫማዬን ተቀበለኝ። ሙዝ በኬሻ፣ አቮካዶ በቅርጫት፣ እግሯን የታሰረች ዶሮ፣ ሰው በሰው ላይ፣ ሁሉም በአንድ ሚኒባስ ወደ አረካ። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ እንግዳ ነሽ ተብዬ ጋቢና ተሰጠኝ። ክብር መስሎኝ ደስ አለኝ። ሞኝ!

ሾፌሩ ታምራት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ክራባት አስሯል። ሚኒባስ ለመንዳት ክራባት! ሞተር ሳያስነሳ ባለ ቁልፍ ሞባይሉን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ከተደወለ አንቺ አንሺልኝ። እየነዱ ስልክ መያዝ በሕግ ተከልክሏል። ባለፈው ትራፊክ ይዞኝ መንጃ ፈቃዴ ለጥቂት ነው የተረፈው።»

«ረዳትህስ?»

«እሱ በር ላይ ይጮሃል። ዛሬ የሚደውሉት ደግሞ የምህረት አባት ናቸው። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ልጃቸውን ይስጡኝ አይስጡኝ ዛሬ ነው የሚነግሩኝ። ስልኩ ካልተነሳላቸው ናቀኝ ይላሉ።»

ወይ ጣጣ! አገር ልይ ብዬ ወጥቼ ጸሐፊ ሆንኩ።

መንገድ ላይ

ግራ ቀኙ እንሰት፣ ቦይና የሚሉት ጎደሬ፣ ቀይ አፈር። ሬዲዮው ስለ ቴሌኮም ዕድገት ያወራል። ስልኩ ጮኸ። ታምራት ሰውየው የሚያዩት ይመስል ክራባቱን አስተካከለ።

አነሳሁት። ወላይትኛ ወረደብኝ፤ «ታምራት» ከሚለው በቀር አንድም አልገባኝም።

«አባቴ፣ ይቅርታ፣ ታምራት ተይዟል» አልኩ በጨዋ ደንብ።

ወደ አማርኛ ዞሩ፣ «በምን ተይዟል?»

«በሕግ ነዋ!»

«አንቺ ማነሽ?»

«አጠገቡ ነኝ። ስልኩን የማነሳለት እኔ ነኝ።»

ተዘጋ።

«ምን አልሻቸው?» አለ ታምራት። ቃል በቃል ነገርኩት። ከኋላ ዶሮዋን ያቀፉት እናት፣ «ውይ በሞትኩት! ሚስቱ ነኝ አልሻቸው እኮ!» ብለው ጮኹ።

«ታስሯል ማለትም ይሆናል» አለ አንዱ።

«ምን ልዩነት አለው?» አለ ሌላው። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ታምራት ብቻ አልሳቀም።

ስልኩን ሊነጥቀኝ እጁን ሲሰድ ተሳፋሪው ሁሉ «ሕግ! ሕግ!» አለበት። ዱቦ አጠገብ ዳር ይዞ ቆመና ደወለ። ኔትዎርክ የለም። ጣራ ላይ ወጥቶ ሙዙ መሐል ቆመ፣ ክራባቱ እየተውለበለበ። የለም! ሬዲዮው አሁንም ስለ ዕድገት ያወራል።

«ምህረትን ስንት ዘመን ጠበቅኳት» አለ ወርዶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አንጀቴን በላው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

«ንዳ ልጄ» አሉት ባለ ዶሮዋ እናት። «ቤታቸው ውሰደን፣ ሁላችንም እንመሰክራለን።»

አረካ

ሚኒባሱ መናኸሪያ አልገባም። ቀጥታ የምህረት አባት ግቢ በር ላይ ገትሮ አወረደን። አባትየው ከነከዘራቸው ወጡ፤ ያን ሁሉ ሰው፣ ኬሻና ዶሮ አዩ።

«ሽማግሌ በመኪና ሙሉ ነው እንዴ የሚላከው?» አሉ። ቀጥለው፣ «ሚስቱ የቷ ናት?»

ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጉድ ፈላ!

«አባቴ፣ የተያዘው እጁ ነው! በመሪ!» አልኩ።

እናትየው ዶሮዋን አስይዘውኝ በወላይትኛ አስረዱ፤ መሪ ያዞራሉ፣ ስልክ ይሰጣሉ፣ እኔን ያሳያሉ። ምህረት በመስኮት አፏን ይዛ ትስቃለች። አባትየው ወደ ታምራት ዞሩ።

«ልጄን እየፈለግህ፣ እኔ ስደውል፣ ሕግ ነው ብለህ አላነሳህም?»

«አዎ ጋሼ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ሴት ስልክህን አታነሳም።»

ታምራት ቀና አላለም። አባትየው በከዘራቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ።

«ጋቢና ምህረት ትቀመጥ። እሷ ታንሳልህ።»

እልልታው ቀለጠ። ዶሮዋን ለባለቤቷ፣ ስልኩን ለምህረት አስረከብኩ።